ሦስት ጊዜ ይጠየቃል

ስድ ሆኖ ሰው የጎዳ ብዙ አለ። ጨዋ ልሁን ብሎ የሰው እንጀራ ሊዘጋ ለጥቂት የተረፈ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነገሩ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው «ኧረ ይለፈኝ» ባለ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል እስራኤል ገብተን አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር አደግሁ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማርኩና ከከተማው ዳር ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሥራ ያዝኩ። ከአባቴ ጋር ነበር የምኖረው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ከሕንፃው ሥር አግዳሚ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሰው ይዳኛል፤ ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልሻረውም።

በዚያ ላይ የአንድ ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማህበር አባል ነበርኩ። ስሙን ልተወው። መጽሔቱ በየወሩ በፖስታ ሲመጣ አባቴ ሽፋኑን አገላብጦ ያይ ነበርና አንድ ቀን ጠየቀኝ።

«ይኼ ማህበራችሁ፣ ንጉሡ ማነው?»

«ንጉሥ የለውም፣ አባ። አባላቱ በየአገሩ ቅርንጫፍ አላቸው፤ ቅርንጫፉ ኮሚቴውን ይመርጣል። ቅርንጫፎቹ ተሰብስበው አንድ ክልል ይሆናሉ፤ ከየክልሉ የተወከሉት ደግሞ ከላይ ቦርዱ ላይ ይቀመጣሉ። ፕሬዚዳንቱን ግን እኛው ተራ አባላቱ ነን በድምፅ የምንመርጠው።»

«እና ተመርጦ በነጋታው ዙፋኑ ላይ ጉብ ይላል?»

«አይልም። አንድ ዓመት አጠገብ ተቀምጦ እያየ ይማራል። አንድ ዓመት ይመራል። ከወረደ በኋላም አንድ ዓመት ለተተኪው ይመክራል።»

አባቴ ጢሙን እየነካካ አሰበ። «የወረደውን አያስሩትም?»

«አያስሩትም።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ማህበር ነው» አለና መጽሔቱን መለሰልኝ።

አሁን ወደ ጋሽ አለማየሁ ልምጣ። ጋሽ አለማየሁ ከጎጃም የመጡ፣ ከሃምሳ አምስት ያለፉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። በፋብሪካችን የማሸጊያ ክፍል ካርቶን ያጥፉ ነበር። አንድ ቀን የማጓጓዣው ሞተር እየጮኸ ቆመብን። እኔና ሁለት ቴክኒሻኖች መለኪያችንን ይዘን ስንርመሰመስ ጋሽ አለማየሁ መጡና ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ደገፍ አደረጉ። በእጃቸው አንዴ አዞሩት።

«ኩሽኔታው ነው» አሉኝ በቀስታ። «የኋለኛው። ኤሌክትሪኩን አትድከሚበት።»

ፈታነው። የኋለኛው ኩሽኔታ ነበር። ለካ ሰውየው አገር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በኃይል ማመንጫ የሠሩ መሐንዲስ ናቸው! ዲግሪ አላቸው፣ የሥራ ደብዳቤ አላቸው፤ እዚህ ግን ወረቀቱን የሚያውቀው ሰው ጠፋ። ስንት ጊዜ አብረን ሻይ ጠጥተናል፣ አንዴ እንኳ አልነገሩኝም። ተናደድኩባቸው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። «በጥገና ክፍል አንድ ቦታ አለኝ» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ልቀጥርበት ነው። ፋይል ውስጥ የማስቀምጠው ነገር ግን ያስፈልገኛል። ያ ማህበራችሁ በከፍተኛ አባልነት ከተቀበለው ይበቃኛል።»

የማህበሩ ደንብ ለከፍተኛ አባልነት ሥራህን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይጠይቃል። ከፋብሪካችን ሁለት አንጋፋ መሐንዲሶች ሞተሩን አይተው ነበርና ፈረሙ። ሦስተኛ አልተገኘም። እኔ ማዕረጌ ገና ትንሽ ስለነበር መመስከር አልችልም። ደንቡ ግን አንድ በር ነበረው፤ ከሩቅ መጥቶ የሚያውቀው ሰው ላጣ አመልካች፣ የቅርንጫፉ የአባልነት ኃላፊ ማስረጃውን መርምሮ እንደ ሦስተኛ ምስክር መፈረም ይችላል። ሰሜን ቅርንጫፋችን ውስጥ ይህ ቦታ ሰው ለቆበት ባዶ ነበር። ምርጫው ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው።

የቅርንጫፉ ሊቀመንበር ያኢር ሰኞ ስልክ ደወለልኝ። «ነገ ስብሰባው አፉላ ነው። ለአባልነት ኃላፊነት ስምሽን እናነሳለን፣ ትመጫለሽ?» አለኝ። «እመጣለሁ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈርኩ። ለጋሽ አለማየሁም ነገርኳቸው። «ነገ እጩ እሆናለሁ፣ ሐሙስ እመረጣለሁ፣ በማግስቱ እፈርምልዎታለሁ» አልኳቸው። ሰው አፉን የሚከፍተው እንዲህ ነው!

ስብሰባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመሀል ከተማ፣ ከሱቆች በላይ ባለ አዳራሽ ተደረገ። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ያኢር መድረኩ ላይ፣ አጠገቡ ደግሞ የቅርንጫፉ ጸሐፊ ኢሪና። ኢሪና ከኪየቭ የመጣች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስልሳ የሞላት የድልድይ መሐንዲስ ናት። የማህበሩን ደንብ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከእጇ አትለየውም ነበር። የዕለቱ ሥራ እጩዎችን መጥራት ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ።

«ለአባልነት ኃላፊ ሁለት እጩዎች አሉን» አለ ያኢር። «የመጀመሪያዋ ይታይሽ። ይታይሽ፣ እጩነቱን ትቀበያለሽ?»

ሠላሳ ሰው ዞሮ አየኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለዚህ ጥያቄ ነበር የመጣሁት። መልሱም አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በጠራ ዕብራይስጥ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ እኔ ማነኝ፤ ከእኔ የሚበልጡ ታላላቆች አሉ። ለእነሱ ይሁን።»

ያሳደጉኝ እንዲህ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ብላ ሲባል ጠግቤያለሁ ይላል። ባለቤቱ በሞቴ ይላል። እንግዳው ኧረ በቃኝ ይላል። በሦስተኛው እጁን ይዘረጋል። ገና በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ስሙ ሳምንት ሙሉ ይነሳል። ሽማግሌ ሁን ሲባልም፣ ሚዜ ሁን ሲባልም ሥርዓቱ ያው ነው። አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

የሰማሁት የኢሪናን እስክሪብቶ ነው። ጭር ባለው አዳራሽ ሁለት ቃል ጻፈች።

«በሴዴር» አለ ያኢር፤ እሺ፣ ይሁን እንደማለት ነው። «ሁለተኛው እጩ ዳኒ። ትቀበላለህ?»

ዳኒ ከሃይፋ የመጣ ሰው ነው። «አዎ፣ እቀበላለሁ። ግን ሁለት ወር ለሥራ ውጭ ስለምሄድ ማመልከቻዎቹ እስክመለስ ይጠብቃሉ» አለ። አጨበጨቡለት። ወደ ቀጣዩ ቦታ አለፉ። ወደ እኔ የሚመለሱ መስሎኝ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ወንበር መሰብሰብ ሲጀምሩ ነው ላብ ያጠመቀኝ።

ሮጬ ኢሪና ዘንድ ሄድኩ።

«ኢሪና፣ ስሜን መልሺልኝ። እምቢ ማለቴ አልነበረም።»

«እምቢ ብለሻል። ጽፌዋለሁ።»

«መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው የሚባለው! እኛ ዘንድ ሰው እሺ የሚለው ሲደጋገም ነው።»

መነጽሯን አደረገችና አየችኝ። «ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«በደንቡ አንድ ነው» አለችና መዝገቡን ዘጋች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ስለ ጋሽ አለማየሁ፣ ስለ ወሩ መጨረሻ፣ ስለ ሦስተኛው ምስክር ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ፊቷ አልተለወጠም። ግን የዘጋችውን ትታ ሌላውን፣ የደንቡን መጽሐፍ፣ አወጣች። ጣቷን ምራቅ እያስነካች ገለጠች።

«የእኔና የያኢር መልካም ፈቃድ ምንም አያደርግልሽም» አለች። «ይኼ ማህበር በመቶ ምናምን አገር የሚሠራው ማንም ሰው በደግነቱ ደንብ ስለማይሽር ነው። ግን እዚህ ተመልከቺ። የአቅራቢው ኮሚቴ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አባል፣ ድምፅ ያላቸው አሥራ አምስት የቅርንጫፉ አባላት በእጃቸው ከፈረሙለት ስሙ ይገባል። ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት። ሐሙስ በአሥር ሰዓት።»

ቤት ስገባ አባቴ ራት ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ነገርኩት።

«ደግ አደረግሽ» አለ። «የሰው ልጅ ነሽ፤ ሹመት ሲያይ የሚዘል አላሳደግሁም።»

«አባ፣ ሁለተኛ አልጠየቁኝም እኮ!»

ጉርሻው አፉ አጠገብ ቆመ። «አልጠየቁሽም? ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብሎ ተቆጣ። ያን ዕለት ራቱን አልጨረሰም። ማህበሩ የወረደ ንጉሥ አለማሰሩን ረስቶ ጨዋነት የሌለው ማህበር ነው አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉ የከበደኝ ለጋሽ አለማየሁ መናገር ነበር። ካርቶን ሲያጥፉ አገኘኋቸው። ቃል በቃል ነገርኳቸው፣ እጄን ደረቴ ላይ ማድረጌን ጭምር። ካርቶኑን አስቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው!

«ታዲያ ምን ልትዪ ኖሯል፣ ልጄ? ስጡኝ ልትዪ?»

«ጋሽ አለማየሁ፣ ሥራዎ እኮ ነው!»

«ይሁን እንጂ። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የምል።» ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ያጣሁ መስሎኝ ነበር። አሁን የአገሬን ሰው አገኘሁ።»

በዚያን ሰዓት ነው የቆረጥኩት። ቢቆጡኝ ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ዝም እል ነበር። ስለሳቁልኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ከፋብሪካችን አራት ፊርማ አገኘሁ። ከሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያ ክፍል ሁለት። አውቶብስ ተሳፍሬ ሚግዳል ሃኤሜክ ከተማ ካሉት ፋብሪካዎች በር ላይ ቆሜ ሰው በስልክ እያስጠራሁ ሦስት። ሁሉም አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቁኝ። «ማክሰኞ እምቢ አላልሽም እንዴ?» እኔም ዘጠኝ ጊዜ የእንግዳውን ምግብ ታሪክ ተረክሁ። በአምስተኛው ላይ እኔም ማሳቅ ለምጄ ነበር።

ናዝሬት ላይ ግን መተረክ አላስፈለገኝም። እዚያ ሰሊም የሚባል የመንገድ መብራት መሐንዲስ አለ፤ ማክሰኞ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ቢሮው በር ላይ ሲያየኝ ሳቀ።

«ሁለተኛ እስኪጠይቁሽ እኔም ስጠብቅ ነበር» አለኝ። «እናቴ ቤት መጀመሪያውኑ እሺ ብትይ ሳህኑን ትነጥቅሻለች።» የራሱን ፈረመ፤ ከሕንፃው ሦስት ሰው ጠርቶ አስፈረመ። አሥራ ሦስት ሆኑ።

ሐሙስ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ኪቡትስ፣ የጋራ እርሻ መንደር፣ የውሃ ፓምፕ መሐንዲሷ መስክ ላይ ናት ተባልኩ። ጫማዬ ጭቃ እስኪጠግብ ሄጄ አገኘኋት፤ የፓምፑ ክዳን ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ፈረመችልኝ። ስመለስ ባንክ ደጃፍ ላይ ሁለቱም አባል የሆኑ ወንድማማቾች አገኘሁ፤ ታናሽየው ፈረመ፣ ታላቅየው «ለዳኒ ቃል ሰጥቻለሁ» ብሎ እጄን ጨብጦ ሄደ። አሥራ አምስት! በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አዳራሹ ገባሁ። ጋሽ አለማየሁ ሥራ ጨርሰው መጥተው ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አባል ስላልሆኑ ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ማንም ግን አይቀመጡ አላላቸውም።

ኢሪና ወረቀቱን ተቀብላ የአባላቱን ዝርዝር አጠገቡ ዘረጋች። አንድ በአንድ ቁጥሩን ታስተያይ ጀመር። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። ከሰሊም ጓደኞች አንዱ ነበር።

«ይኼ ሰው አባልነቱ ጀርመን ነው» አለች። «እዚያ ሲሠራ ተመዝግቦ አላዛወረውም። እዚህ ድምፅ የለውም።» በቀጭኑ ሰረዘችው።

አሥራ አራት። ሰዓቱ አሥር ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል። አዳራሹን ዞር ብዬ ባይ የገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም የፈረሙልኝ ናቸው። ዳኒ ራሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ጋሽ አለማየሁን አየኋቸው። እጃቸውን «ይሁን» በሚል ወዘወዙልኝ። ያቺ እጅ ናት ያንገበገበችኝ።

ኢሪና የደንቡን መጽሐፍ ከፍታ ታነባለች። ከዚያ ያኢርን ጠራችው።

«ያኢር፣ ጸሐፊ ድምፅ ያለው አባል ነው?»

«ነው።»

«ጸሐፊ ለእጩ እንዳይፈርም የሚከለክል አንቀጽ ፈለግሁ። የለም። አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው» አለችና ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ ከሁሉም ሥር ባዶው መስመር ላይ ፈረመች። ከዚያ፣ በእናቴ ስም፣ ወረቀቱን መልሳ አዙራ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ የራሷን ቁጥር ከዝርዝሩ ፈልጋ አስተያየች። «ይቺ ሴት ድምፅ አላት» አለችና ምልክት አደረገች። ማህተሙን መታችበት።

ላመሰግናት ጎንበስ ስል በዝግታ «እኔም ከኪየቭ ስመጣ አራት ዓመት ደረጃ ጠርጌያለሁ» አለችኝ። «ሦስተኛ ምስክር አልነበረኝም።»

አሥር ሰዓት ሲሞላ ያኢር ተነሳ። «በፊርማ የቀረበች እጩ አለችን። ደንቡ እንደሚያዘው እጠይቃለሁ። ይታይሽ፣ እጩነቱን ትቀበያለሽ?»

እመኑኝ፣ አሁንም ያው ልማዴ መጣ። «ኧረ እኔ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ኢሪና እስክሪብቶዋን አንስታለች። ሰሊም ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቀበላለሁ» አልኩ።

ጆሮዬ ጋለ። እጄን ለልመና ዘርግቼ ገበያ መሀል የቆምኩ ያህል አፈርኩ። አንድም ሰው ግን አልታዘበኝም። ድምፅ ተሰጠ፣ ተቆጠረ፤ በሦስት ድምፅ በለጥኩ። እንዲያውም ዳኒ ራሱ መጥቶ «ከጉዞዬ በፊት ራስ ምታቴን ወሰድሽልኝ» ብሎ አመሰገነኝ። በማግስቱ የጋሽ አለማየሁን ማስረጃ ገጽ በገጽ መርምሬ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ፈረምኩ። ወሩ ሳያልቅ የመቀበያው ደብዳቤ ባሕር ማዶ ካለው ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ቃሉን አከበረ፤ ጋሽ አለማየሁ ካርቶኑን ትተው መሣሪያቸውን ያዙ። በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው አባቴ ሳይቀር ከጊቫት ሃሞሬ በአውቶብስ ወርዶ የፋብሪካው በር ላይ ጨበጣቸው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ጨዋነትን ተውኩት አልላችሁም። አልተውኩትም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። አባቴ አግዳሚ ላይ የሚመራው በመግፋት ነው፤ ሰው ሰውን ገፍቶ፣ በሞቴ ብሎ፣ ወደ ወንበሩ ያመጣዋል። ማህበሩ የሚመራው በወረቀት ነው፤ ወረቀት አይገፋም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ወረቀቱ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። የተዘጋብኝን በር መልሶ የከፈተልኝ ግን ያው ወረቀት ነው፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን አሥራ አምስት ሰው ላገኘ ሁሉ ክፍት ነበር። እናንተም ለይሉኝታ ስትሉ እምቢ ያላችሁት ነገር ካለ፣ ሁለተኛ የሚጠይቃችሁ ሰው መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኮሚቴው ውስጥ በገባሁበት የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ኢሪና ከላይ ጀምራ መረመረችው። የማህበሩ ዋና ሕገ ደንብ አይከለክልም። የክልሉ መመሪያ ዝም ይላል። ከላይ ካልተከለከለ ቅርንጫፍ የራሱን አሠራር ማውጣት ይችላል። ድምፅ ሰጠንበትና አለፈ።

በዓመቱ ምርጫ ስም ሲጠራ ያኢር ወረቀቱን አየና «አለማየሁ፣ ለቴክኒክ ኮሚቴ። ትቀበላለህ?» አለ።

ጋሽ አለማየሁ ከሁለተኛው ረድፍ ብድግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ታላላቆች እያሉ።»

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኢሪና እስክሪብቶዋን አንስታ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ» አለች።